ጠያቂና ተጠያቂ

«ማንን ነው የሚጠይቁት፣ እማማ?»

አዲስ አበባ፣ ጎፋ ውስጥ ባለ አንድ ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ፣ በማለዳ የሰማሁት ጥያቄ ነው። እናትዬዋ «ልጄን» አሉና ምሳ ዕቃውን ከፌስታሉ አወጡ። ጥበቃው «ይቅመሱት» አላቸው። ከእንጀራው ቆረስ አድርገው ወጡን አጥቅሰው ጎረሱ፤ መታወቂያቸውን አስይዘው ገቡ። እኔም የሰፈሬን ልጅ ለማየት ከኋላቸው ተሰልፌ ነበር። ከጣቢያው ወጥቼ ችሎቱን ልከታተል ወደ ፍርድ ቤት ሳመራ፣ ያ ጥያቄ ከጆሮዬ አልወጣም።

ጥበቃው «የሚጎበኙት» አላለም። በአማርኛችን ሙዚየም ይጎበኛል፤ አራስ፣ ሕመምተኛና እስረኛ ግን ይጠየቃሉ። የመጣውም ሰው «ጠያቂ» ነው። ወደዚህ ቃል መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ፤ መንገዱ ላይ የሚያስቆሙ ሌሎች ቃላት አሉ።

መጀመሪያ «ስንቅ»። ግእዙም «ሥንቅ» ይላል፤ የመንገደኛ ምግብ ማለት ነው። በሶ፣ ጭኮ፣ ዳቦ ቆሎ ተቋጥሮ ሩቅ ለሚሄድ ሰው የሚያዝ። ዛሬ ግን በየጣቢያው በር «ስንቅ ገባለት?» ሲባል የሚሰማው ከአንድ ክፍል ወዲያ ለማይንቀሳቀስ ሰው ነው። ቃሉ አላፊ አግዳሚ አድርጎ ያየዋል፤ መንገድ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ያቺን ምሳ ዕቃ ስንቅ ያላት ሰው ተስፋ ያልቆረጠ ሰው ነው።

ችሎት ስንገባ ከፊት የተቀመጠው «ዳኛ» ነው። ሥሩ የግእዙ «ደየነ» ነው፤ ፈረደ ማለት ነው። «ዕለተ ደይን» የፍርድ ቀን ነው። የዐረብኛው «የውመ ዲን»ም ሆነ የዕብራይስጡ «ዳያን» ከዚሁ ሥር የበቀሉ ናቸው። ስለዚህ ጎፋ ገብርኤል የሚሳለመውም መስጊድ የሚሰግደውም የፍርድን ቀን በአንድ ሥር ይጠራል።

ከዳኛው ግራና ቀኝ «ዐቃቤ ሕግ»ና «ጠበቃ» ይቆማሉ። ግእዙ «ዐቀበ» ጠበቀ ማለት ነው፤ ስለዚህ ዐቃቤ ሕግ የሕግ ጠባቂ ነው። ጠበቃም ከ«ጠበቀ» ይወጣል። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስም «ጠባቂ» ነው። ከሳሹ፣ ተከራካሪውና ዘበኛው፣ ሦስቱም በመጠበቅ ተሰይመዋል። አንዱ ሕጉን፣ አንዱ ሰውየውን፣ አንዱ በሩን። አንዳቸው ሥራቸውን ቢተዉ የሌሎቹ ጥበቃ ጎደሎ ይሆናል።

«ዋስ» በግእዝ «ዋሕስ» ነበር፤ አማርኛ «ሕ»ን ዋጣት። ዛሬ ዋስትና ሲባል ቶሎ የሚታሰበን ብር ነው። ቃሉ ግን መጀመሪያ የሰው ስም ነው። ባለጉዳይ ዋስ «ይጠራል»፤ ጎረቤቱ፣ ዘመዱ ወይም ባልንጀራው ቆሞ «እኔ አለሁለት» ይላል። ዋስ የሌለው ሰው ምን ይደርስበት እንደነበር «ቁራኛ» ይነግረናል። ባለዕዳና ባለገንዘብ፣ ከሳሽና ተከሳሽ ጉዳያቸው እስኪያልቅ በሰንሰለት ወይም በኩታቸው ጫፍ ተቋጥረው አብረው ይሄዱ፣ አብረው ያድሩ ነበር። ልማዱ ቀርቷል፤ ቃሉ አልቀረም። ዛሬም ሰው በዓይነ ቁራኛ ይጠበቃል፤ ከሱስ ጋርም ይቆራኛል።

በፍርዱ ያልረካ «ይግባኝ» ይላል። ይህ ቃል ሲፈታ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ነገሬ ወደ በላዩ ዳኛ «ይግባልኝ» ማለት ነው። «አቤቱታ»ም ከዚያ ብዙ አይርቅም፤ «አቤት! አቤት!» ከሚል ጩኸት የተወለደ ነው። ዛሬ በማኅተምና በመዝገብ ቁጥር የሚገቡት ሁለቱ ወረቀቶች ትናንት የሰው ድምፅ ነበሩ።

የእስር ቤት ስሞች ደግሞ የቦታ ታሪክ ተሸክመዋል። «ወህኒ» በጎንደር ነገሥታት ዘመን የንጉሥ ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ የሚጋዙበት አምባ ነበር። የአንድ ተራራ ስም የእስር ቤት ሁሉ ስም ሆነ። «ከርቸሌ» የጣሊያንኛው «ካርቸሬ» ነው፤ እስር ቤት ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን የአንድ ግቢ ስም ሆኖ ቀረ። ሕዝቡ «ዓለም በቃኝ» ያለው፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ወደ 60 የሚጠጉ ባለሥልጣናት ያለፍርድ የተረሸኑበት ግቢ ነው። ዛሬ በቦታው ላይ ጥር 2004 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት አዳራሽ ቆሟል። ከእኛ ክፍለ ከተማ ከንፋስ ስልክ ላፍቶ ጋር የሚጎራበተው የቃሊቲ ስምም የወህኒን መንገድ እየተከተለ ነው፤ «ቃሊቲ ወረደ» የተባለ ሰው ምን እንደደረሰበት ማንም አይጠይቅም። መንግሥት የመረጠው ስም «ማረሚያ ቤት» ነው። አረመ ማለት አረምን ከሰብል መካከል ነቀለ ማለት ነው። ገበሬ የሚያርመው ሰብሉን ለማዳን ነው፤ ስሙም ይህን ቃል ገብቷል።

የሁሉም ራስ ግን «ፍትሕ» ነው። ግእዙ «ፈትሐ» ፈታም፣ ከፈተም፣ ፈረደም ማለት ነው። ከዚሁ ሥር «ፍቺ» አለ፤ ለሞተው የሚደረገው «ፍትሐት» አለ፤ ለዘመናት የተዳኘንበት «ፍትሐ ነገሥት» አለ። «መፍትሔ»ም አለ፤ በግእዝ ቁልፍ ማለት ነው፣ ዐረቦችም ቁልፍን «ምፍታሕ» ይላሉ። እንግዲህ እስር ማሰር ከሆነ ፍትሕ በቃሉ መፍታት ነው። የበደለ ሁሉ ይለቀቅ ማለት አይደለም። ቋጠሮው ይታይ፣ ነገሩ ይፈታ፣ ሰው በማይታወቅ ነገር ተቋጥሮ አይክረም ማለት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ የሚለው፣ ይህን የቆየ ቃል በሰዓት ለክቶ ነው።

አሁን ወደ በሩ ልመለስ። አንቀጽ 21 ታሳሪ ከቤተሰቡ፣ ከወዳጆቹ፣ ከሃይማኖት አባቱ፣ ከሐኪሙና ከጠበቃው ጋር የመገናኘት መብት ይሰጠዋል። ሕዝቡ ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ጨርሶታል፦ ጥየቃ። የሚጠይቅ ሰው «ደኅና አደርክ? በላህ? መቼ ተቀጠርክ?» ይላል። ጥያቄው ለእስረኛው ነው፤ የሚሰማው ግን ጥበቃውም፣ መርማሪውም ነው። ከዚሁ ግስ «ተጠያቂ» የሚለው ቃል መውጣቱ አይገርምም። ጠያቂ በሌለበት ተጠያቂ የለም።

የሰፈራችሁ ሰው ታስሮ እንደሆነ፣ ጥፋተኛ ነው አይደለም ሳትሉ ስንቅ ቋጥራችሁ ሂዱ። በሩ ላይ «ማንን ነው የምትጠይቁት?» ስትባሉ ስሙን ጮክ ብላችሁ ተናገሩ።