አንድ ሌሊት በአሰብ

የታሪክ መጻሕፍት ስለ አሰብ ሲያወሱ የሚጀምሩት ከሽያጭ ውል ነው። በ1862 ዓ.ም. (ዘመኑን ሁሉ የምጠቅሰው በእኛ አቆጣጠር ነው) ሩባቲኖ የተባለ የኢጣልያ የመርከብ ኩባንያ ዳርቻውን ከአካባቢው የአፋር ባላባቶች ገዛ፤ በ1874 ደግሞ የኢጣልያ መንግሥት ከኩባንያው ተረከበው። ከዚያ ወዲህ ያለው የውል፣ የጦርነትና የድንበር ታሪክ ነው። እኔ ግን የምጀምረው ከአንድ ፎቶግራፍ ነው። በጀርባው «አሰብ፣ የካቲት 1964» ተብሎ ተጽፎበታል። ባሕሩ ዳር ቆመው የሚታዩት ወንድና ሴት አያቶቼ ናቸው፤ ከተጋቡ ገና ወር አልሞላቸውም።

አባባ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። ደብረ ብርሃን ላይ ሠርጉ እንዳለቀ ጭነት ተገኘና ተጠሩ። ሙሽራን ጥሎ መሄድ ነውር ሆነባቸው መሰለኝ፣ እማማን ኤንትሬው ጋቢና ውስጥ አስቀመጧት፤ ረዳቱ ምስኪን ከቆዳውና ከጥራጥሬው ጭነት ላይ ወጣ። የጣርማበርን ዋሻ ሾልከው፣ ደብረ ሲናን ቁልቁል ወርደው፣ ኮምቦልቻ አደሩ። ከዚያ በባቲ አድርገው አፋር ገቡ። ሰርዶ ሲደርሱ እማማ የፈራረሰ መንደር አየች፤ በ1961 የመሬት መንቀጥቀጥ የጣለው ነበር። ኤሊዳርንና ቡሬን አልፈው በሦስተኛው ቀን ማታ አሰብ ገቡ።

ለመሆኑ ይህን መንገድ ማን ሠራው? በ1920 ኢትዮጵያና ኢጣልያ የወዳጅነት ውል ሲፈራረሙ፣ ኢትዮጵያ በአሰብ ነጻ ቀጠና እንድታገኝና ከአሰብ እስከ ደሴ የመኪና መንገድ እንዲዘረጋ ተስማምተው ነበር። ወዳጅነቱ መንገዱን አልጨረሰውም፤ የጨረሰው ወረራው ነው። ጦርና ስንቅ ሊያመላልስ የተሠራው መንገድ ከነጻነት በኋላ የሹፌሮች፣ የነጋዴዎችና የወዛደሮች ሆነ። በ1950ዎቹ መጨረሻ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ በአሰብ የተሠራው ማጣሪያ ነዳጅ የሚልክልን በዚሁ ነበር። በ1965 እና በ1966 የወሎ ገበሬ ሲርበው መኪና ወደሚያልፍበት ወደዚሁ ጎዳና ወጥቶ እጁን ዘረጋ። በ1977 ደግሞ የእርዳታው እህል አሰብ ወደብ ላይ ተራግፎ በዚሁ ሽቅብ ወጣ። መንገድ የሠራ ሰው፣ መንገዱ ነገ ለማን እንደሚያገለግል ማዘዝ አይችልም።

ወደ ሙሽሮቹ ልመለስ። እማማ የደጋ ልጅ ናት፤ ጋቢና ወፍራም ቀሚስ ይዛ ነው የወረደችው። ያረፉበት ሻይ ቤት ባለቤት አይታት ሳቀችና የራሷን ስስ ድሪያ አውጥታ አለበሰቻት። በማግስቱ ጠዋት ባሕሩን አየች። «ዳር የሌለው ነገር አይቼ አላውቅም ነበር» ትላለች። ቀመሰችው፤ ጨው! እናቷ እንደማታምናት ስላወቀች በጠርሙስ ሞልታ ይዛ ተመለሰች። ቅድመ አያቴም ቀምሳ፣ «ልጄን ባሏ ተጫወተባት፤ ይኼ እኮ ጨው የተበጠበጠበት የወንዝ ውኃ ነው» አለች ይባላል።

ነገሩ ያስቃል እንጂ እውነትም አለበት። እስከ 1990 ድረስ በየቤታችን ወጥ ውስጥ የሚገባው ጨው አብዛኛው ከዚያው ከቀይ ባሕር ዳርቻ የሚመጣ ነበር። በ1985 ኤርትራ ነጻ አገር ከሆነች በኋላም መኪናው አልቆመም፤ ወደቡም ሠርቷል። በግንቦት 1990 ጦርነቱ ሲነሣ ግን ሁሉም ቀጥ አለ። ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ ጨዋችን ከአፍዴራ ይወጣ ጀመር። በአሰብ ይሠሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ጓዛቸውን ጠቅልለው ወጡ፤ ከኢትዮጵያም በሺህ የሚቆጠሩ ኤርትራውያንና የኤርትራ ተወላጆች ከቤታቸው እየተወሰዱ ተባረሩ። ወደቡ በሌላ ወደብ፣ ጨውም በሌላ ጨው ተተካ። ሰውስ በምን ይተካል?

መስከረም 1 ቀን 2011 የሁለቱ አገር መሪዎች ቡሬ ላይ ተገናኝተው መንገዱ ሲከፈት እማማ ከቴሌቪዥኑ ፊት ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ ድሪያው በእጇ ነበር። ለካ ያቺ ሴት «ሌላ ጊዜ ስትመጪ ትመልሽልኛለሽ» ብላት ኖሯል። አባባ በሕይወት አልነበሩም፤ «አንተ ትወስደኛለህ» አለችኝ። እኔም እሺ አልኩ። ብዙም ሳይቆይ መንገዱ ተመልሶ ተዘጋ።

እኛ ተማሪዎች በየሻይ ቤቱ ስለ ባሕር በር ስንከራከር ድምፃችን ከፍ ይላል። አንዳንዱ ጓደኛዬ ይህን ፎቶግራፍ ሲያይ «ይኸው ማስረጃ!» ይለኛል። የባለቤትነት ማስረጃ ግን አይደለም። ፎቶግራፉ የሚመሰክረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መንገድ ሲኖር የደብረ ብርሃን ልጅ በሦስት ቀን ባሕር ዳር ትደርሳለች፣ የማታውቃት ሴትም ልብሷን ታለብሳታለች። መንገድ ሲዘጋ ያው ርቀት የማይደረስበት ይሆናል። ታሪክ የምናጠና ሰዎች የፈረሙትን መንግሥታት ስም በቃላችን እንይዛለን፤ ያቺን ባለ ሻይ ቤት ግን የጻፈ የለም።

እማማ ስሟን ታውቀዋለች። እኔ እዚህ አልጽፈውም፤ በሕይወት ካለች ሳትጠየቅ ስሟ እንዲነሣ ላትፈልግ ትችላለች። ድሪያው ግን ታጥቦ፣ ታጥፎ፣ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። ዕዳ ነው፤ ይመለሳል።