ከ30 የጎደለው ስንት ነው?

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ አሕሞስ የተባለ ግብፃዊ ጸሐፊ አንዲት ጥያቄ በፓፒረስ ላይ ገልብጦ ትቷል፤ ጽሑፉ ዛሬ ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። አንድ ቁጥርና ሰባተኛ እጁ ተደምረው 19 ሆኑ፤ ቁጥሩ ስንት ነው? ኤክስም የእኩል ምልክትም ገና አልነበሩም። ጸሐፊው «7 ይሁን» ብሎ ይነሣል። 7 ላይ ሰባተኛ እጁ 1 ሲታከል 8 ነው። 19 ለ8 ሲካፈል 2 ከ3/8፣ ያ በ7 ሲባዛ 16 ከ5/8 ይመጣል። ፓፒረስ የተባለው ተክል የእኛው ደንገል ነው፤ ጣና ላይ ታንኳ ይሠራበታል።

የጣና ገዳማት ጾምና በዓል የሚያወጡበት ባሕረ ሐሳብም ከዚያው ከታችኛው አባይ የመጣ ነው፤ ትውፊቱ ለ12ኛው የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳስ ለድሜጥሮስ ይሰጠዋል። 2018ን እንይ። 5500 ሲጨመርበት ዓመተ ዓለሙ 7518 ነው። ለ19 ተካፍሎ 13 ይተርፋል፤ ይህ መደብ ነው። አንድ ሲቀነስለት 12፣ ወንበር። ወንበሩ በጥንተ አበቅቴ በ11 ሲባዛ 132፣ በ30 ሲገደፍ፣ ማለትም ተካፍሎ ቀሪው ሲያዝ፣ አበቅቴው 12 ነው። በጥንተ መጥቅዕ በ19 ሲባዛ ደግሞ 228፣ ሲገደፍ መጥቅዑ 18። አበቅቴና መጥቅዕ ምንጊዜም ተደምረው 30 ናቸው፤ የተሳሳተ እዚህ ላይ ይያዛል። መጥቅዑ መስከረም 18 እሑድ ዋለ፤ በእሑድ የሚጨመረው ተውሳክ 7 ነውና ጾመ ነነዌ ጥር 25 ገባ፣ ከዚያ 69 ቀን ተቆጥሮ ትንሣኤ ሚያዝያ 4።

ባግዳድ ላይ አል-ኸዋሪዝሚ በ820 ገደማ ያልታወቀውን የመፈለጊያ ደንብ ሲጽፍ እሱም በቃላት ብቻ ነበር። ባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ በሶቪየት ኅብረት ትብብር በ1955 ሲከፈት ግን ኤክስ የተባለው ፊደል ዓለምን ካዳረሰ ቆይቷል። ችግሩ፣ ተማሪ ኤክስን የሚያውቀው እንደ እንግዳ ነው። የቃላት ፕሮብሌም ሲሰጠው ቁጥሮቹን ለቅሞ እንዳገኘ ይደምራል፤ ምን እንደተጠየቀ አይፈልግም።

እኔ ብሆን ከአበቅቴ እጀምር ነበር። አበቅቴ 12 ከሆነ መጥቅዕ ስንት ነው? 12 ላይ ኤክስ ሲደመር 30፤ ኤክስ 18። የሰባተኛ ክፍል ትምህርት ይኸው ነው፤ ልጁ ደግሞ መልሱን ከግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ጋር ሊያስተያይ ይችላል።

ባሕረ ሐሳብ አልጀብራ ነው እያልኩ አይደለም፤ አንዳንዶች እንዲህ ሲሉ እሰማለሁ፣ አያስኬድም። ባሕረ ሐሳብ መንገዱ የተቀመጠ ስሌት ነው፣ ወደ ፊት ብቻ ይሄዳል። አልጀብራ የሚጀምረው ወደ ኋላ ሲጠየቅ ነው፦ አበቅቴው 23 የሆነበት ዓመት ወንበሩ ስንት ነው? ከ0 እስከ 18 ያሉትን አንድ በአንድ መሞከር ይቻላል፤ አሕሞስም በግምት ነበር የጀመረው። አቋራጩ ግን 23ን ራሱን እንደገና በ11 ማባዛት ነው። 253 ይሆናል፣ በ30 ሲገደፍ 13 ይቀራል፤ የ2019 ወንበር። 11 በ11 ተባዝቶ 121 ነው፤ በ30 ሲገደፍ 1 ብቻ ስለሚተርፍ ሁለተኛው ማባዛት የመጀመሪያውን ይፈታዋል።