የተሽከርካሪ ማሞቂያ ፋን ሬዚስተር፦ ብልሽቱን ስለመለየትና ክፍሉን ስለመቀየር

የማሞቂያ ፋን ሬዚስተር በተሽከርካሪ ውስጥ አየር የሚነፍሰውን ሞተር ፍጥነት የሚወስን አነስተኛ የኤሌክትሪክ ክፍል ነው። አገልግሎቱ ለሙቅ አየር ብቻ ሳይሆን ለቀዝቃዛ አየርና በፊት መስታወት ላይ የሚይዘውን እንፋሎት ለማድረቅ ጭምር ነው። ስለሆነም የዚህ ክፍል መበላሸት የምቾት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። በክረምት ወራት፣ በተለይም እንደ ጣርማ በር ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ባላቸውና ጉም በሚበዛባቸው መንገዶች፣ ከውስጥ በእንፋሎት የተሸፈነ መስታወት የአሽከርካሪውን እይታ በአጭር ጊዜ ይጋርዳል።

የብልሽቱ ምልክት

በእጅ የሚስተካከል ባለ4 ፍጥነት መቆጣጠሪያ ባላቸው መኪናዎች ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ፋኑ በ1፣ በ2 እና በ3 ቁጥር አይሠራም፣ በ4 ቁጥር ግን በሙሉ ኃይሉ ይነፍሳል። በዝቅተኛ ፍጥነቶች ወደ ሞተሩ የሚሄደው ኤሌክትሪክ በሬዚስተሩ በኩል ሲያልፍ ይቀንሳል፤ በመጨረሻው ፍጥነት ግን ሬዚስተሩን ሳይነካ በቀጥታ ይደርሳል። የተቀነሰው ኃይል ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ፣ ክፍሉ የሚነፍሰው አየር እንዲያቀዘቅዘው በአየር መተላለፊያው ውስጥ ይተከላል። ሙቀቱ ከመጠን ሲያልፍ በላዩ ያለው የሙቀት ፊውዝ ይበጠሳል።

ፋኑ በየትኛውም ቁጥር የማይሠራ ከሆነ ሬዚስተር ከመግዛት በፊት ፊውዙ፣ ሪሌው፣ ማሳውና ሞተሩ ራሱ ይፈተሹ። ፋኑ እየነፈሰ አየሩ የማይሞቅ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ከሞተር ማቀዝቀዣ ውኃ ማነስ ወይም ከቴርሞስታት ሊመጣ ይችላል፤ የራዲያተሩ ክዳን ሞተሩ ትኩስ ሳለ ፈጽሞ አይከፈትም። ሙቀቱን በራሱ የሚያስተካክል አውቶማቲክ ሥርዓት ባላቸው መኪናዎች በሬዚስተር ምትክ የኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያ ስለሚገኝ ከላይ የተገለጸው ምልክት ላይሠራ ይችላል።

ለምን ይቃጠላል?

በርካታ ባለንብረቶች ሬዚስተሩን ከቀየሩ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዳግም ተቃጥሎ ያገኙታል። ይህ ሁልጊዜ የዕቃው ጥራት ጉድለት አይደለም። ሞተሩ በአቧራ፣ በቅጠል ወይም በአይጥ ጎጆ ተይዞ ወይም ቡሹ አልቆ በቀላሉ የማይዞር ሲሆን ከተለመደው የበለጠ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ ሬዚስተሩም ይግላል። የካቢን አየር ማጣሪያው በአቧራ ሲደፈን ደግሞ ሬዚስተሩን የሚያቀዘቅዘው አየር ያንሳል፤ በኮረኮንች መንገድ የሚሠሩ መኪናዎች ለዚህ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። በመሆኑም የድሮው ሬዚስተር ሲወጣ የፋኑን መዘውር በእጅ ማዞር ያስፈልጋል። የሚያዝ፣ የሚያንቋቋ ወይም የሚወዛወዝ ከሆነ ሞተሩ ሳይስተካከል አዲስ ሬዚስተር መግጠም ገንዘብ ማባከን ነው።

ሶኬቱም በጥንቃቄ ይታይ። ፕላስቲኩ ከቀለጠ ወይም የሽቦው ጫፍ ከጠቆረ፣ ሶኬቱ ከነሽቦው በተመሳሳይ ውፍረት ባለው መተካት አለበት። የተበጠሰውን የሙቀት ፊውዝ በሽቦ ቁራጭ ማገናኘት ወይም በፊውዝ ሳጥኑ ከተወሰነው በላይ አምፔር ያለው ፊውዝ ማስገባት በአንዳንድ ቦታ እንደ መፍትሔ ይቀርባል፤ እንዲህ ያለው ጥገና መከላከያውን አስወግዶ ሽቦውን ለእሳት አደጋ ስለሚያጋልጥ ባለንብረቱ ሊቀበለው አይገባም።

አቀያየር

በአብዛኞቹ መኪናዎች ክፍሉ የሚገኘው ከፊት ተሳፋሪው ፊት ካለው የዕቃ ሳጥን ኋላ ወይም ሥር፣ በፋኑ ሞተር አጠገብ ነው። የመኪናው ቁልፍ ከወጣ በኋላ የባትሪው ኔጋቲቭ ገመድ ይነቀላል፤ በዚሁ አካባቢ የተሳፋሪው የአየር ከረጢት ስላለ የአምራቹ መመሪያ የሚያዘውን ጊዜ መጠበቅ፣ ቢጫ ቀለም ያላቸውን ሶኬቶችም አለመንካት ግድ ነው። ከዚያ ሳጥኑ ይወርዳል፣ ሶኬቱ ሽቦው ሳይጎተት መቆለፊያው ተጭኖ ይነቀላል፣ ብዙ ጊዜ 2 የሚሆኑት ብሎኖች ይፈታሉ፣ ክፍሉም ይወጣል። መኪናው ቆሞ የነበረው ገና አሁን ከሆነ ሬዚስተሩ እጅ ሊያቃጥል ይችላል። አዲሱ በቦታው ከታሰረ በኋላ ባትሪው ተገናኝቶ ሁሉም ፍጥነቶች ተራ በተራ ይሞከራሉ። ሬዚስተሩን ከአየር መተላለፊያው ውጪ አንጠልጥሎ መሞከር አዲሱንም ሊያቃጥለው ይችላል።

በኤሌክትሪክ ብቻ በሚሠሩ ተሽከርካሪዎች አየሩን የሚያሞቀው ክፍል ከፍተኛ ቮልቴጅ ሊጠቀም ስለሚችል፣ ብርቱካናማ ገመድ የሚታይበት ማንኛውም ሥራ ለሠለጠነ ባለሙያ ብቻ ይተው።

ሬዚስተሩ እስኪቀየር ድረስ 4 ቁጥር የሚሠራ ከሆነ አየሩን ወደ መስታወቱ አቅጣጫ አዙሮ በዚያው መጠቀም ይቻላል፤ የውስጡን አየር መልሶ ከማዞር ይልቅ የውጭውን ማስገባት እንፋሎቱን ቶሎ ያደርቃል። በየትኛውም ቁጥር የማይነፍስ መኪና ግን ዝናብና ጉም ባለበት ጉዞ እንዳይጀመርበት ይመከራል።

መለዋወጫው በሶማሌ ተራም ሆነ በሌላ ቦታ ሲገዛ የድሮውን ክፍል ይዞ መሄድና የሶኬቱን ጥርሶች ብዛትና ቅርጽ ማመሳሰል ከስህተት ያድናል፤ ተመሳሳይ ሞዴል ሆነው በምርት ዘመን የሚለያዩ መኪናዎች የተለያየ ሶኬት ሊኖራቸው ስለሚችል የሻንሲ ቁጥሩም ይያዝ። ጋራዡ ሙሉ ሞተሩ ይቀየር ካለ፣ 4 ቁጥር ላይ በደንብ የሚነፍስ ሞተር ለምን መቀየር እንዳስፈለገ ማብራሪያ ይጠየቅ። ለዕቃውም ለእጅ ዋጋውም ደረሰኝ ይወሰድ፤ የወጣውም አሮጌ ክፍል ለባለንብረቱ እንዲመለስ ይጠየቅ።