ቶም ምቦያ፦ ከተማ ያነሳው፣ ጎሳ የቀበረው

ኬንያዊው ፖለቲከኛ ቶም ምቦያ በ1930 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተወለደው አባቱ ተቀጥረው ይሠሩበት በነበረው፣ ቲካ አጠገብ በሚገኝ የነጭ የቃጫ እርሻ ነው። ቤተሰቡ ከቪክቶሪያ ሐይቅ፣ ከሩሲንጋ ደሴት የመጣ ሉዎ ነው። ልጁ ግን ያደገው ከትውልድ አገሩ ርቆ፣ በኪኩዩና በካምባ ልጆች መካከል ነበር። የፖለቲካ ጉልበቱም ጉድለቱም ከዚህ ይነሳል።

በ1951 ናይሮቢ ማዘጋጃ ቤት ሳኒተሪያን ሆኖ ተቀጠረ። ከነጭ ባልደረቦቹ እጅግ ያነሰ ደመወዝ ይከፈለው ስለነበር የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞችን ማደራጀት ያዘ። በቅኝ ገዢዎች ላይ በተነሳው የማው ማው አመፅ ሳቢያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጥቶ በኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑት ኬንያታ ሲታሰሩና የአፍሪካውያኑ ፓርቲ ሲታገድ፣ አፍ የሚከፈትበት ቦታ የሠራተኛ ማኅበር ብቻ ሆኖ ቀረ። ምቦያ ያን ክፍተት አይቶ ገባበት፤ በ1953 በ23 ዓመቱ የሠራተኞች ፌዴሬሽን ዋና ጸሐፊ ነበር። ኦክስፎርድ ደርሶ ተመለሰ፣ በ1957 የሕግ አውጪው ምክር ቤት አባል ሆነ፣ በ1958 አክራ ላይ የመላው አፍሪካ ሕዝቦች ጉባኤን በሊቀ መንበርነት መራ። በ1961 ደግሞ መራጩ በአብዛኛው ኪኩዩ በሆነበት የናይሮቢ ወረዳ ኪኩዩ ተቀናቃኙን ከአሥር ዘጠኝ እጅ በላይ ድምፅ አግኝቶ አሸነፈ። ከዚያ በኋላ በኬንያ ፖለቲካ እንዲህ ያለ ውጤት ማግኘት ብርቅ ነው።

ስሙ አሜሪካ ድረስ የተሰማው ወደዚያ በላካቸው ተማሪዎች ነው። በ1959 ቤላፎንቴና ፖይቲየርን የመሳሰሉ ታዋቂዎች ገንዘብ ባሰባሰቡበት የመጀመሪያ በረራ 81 ወጣቶች ለትምህርት ሄዱ፤ በቀጣዩ ዓመት የኬኔዲ ቤተሰብ ፋውንዴሽን 100,000 ዶላር ሰጠ። የኖቤል የሰላም ተሸላሚዋ ዋንጋሪ ማታይ የዚያ ዕድል ፍሬ ናት።

ሚኒስትርነቱን በሥራ ሚኒስቴር ጀምሮ፣ በፍትሕ አልፎ፣ ኢኮኖሚ ፕላን ላይ ደረሰ። በ1965 የወጣውና አፍሪካዊ ሶሻሊዝም የሚል ስም የለበሰው የመንግሥት ሰነድ የእሱ አሻራ አለበት፤ ውስጡ ግን ለግል ሀብትና ለውጭ ካፒታል በሩን ወለል አድርጎ የከፈተ ነበር። በ1966 ሊሙሩ ላይ ምክትል ፕሬዚዳንቱን ኦዲንጋን ከገዢው ፓርቲ ሥልጣን ያስወገደውን ጉባኤም ያቀነባበረው እሱ ነው። እንደ እኔ ትልቁ ስህተቱ ይኸው ነው። ሉዎውን ኦዲንጋን ለኬንያታ ዙሪያ ሰዎች ከመንገድ ካነሳላቸው በኋላ፣ ከሽማግሌው ቀጥሎ ወንበሩን ሊይዝ ይችላል ብለው የሚፈሩት ራሱ ብቻ ሆኖ ቀረ።

ሐምሌ 5 ቀን 1969፣ ቅዳሜ፣ አዲስ አበባ ከነበረው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ስብሰባ በተመለሰበት ዕለት፣ ገቨርንመንት ሮድ ላይ ካለ መድኃኒት ቤት ሲወጣ በጥይት ተመታ። 38 ዓመቱ ነበር። ተኳሹ ናሃሾን ንጄንጋ ንጆሮጌ፣ ኪኩዩው፣ ተፈርዶበት በዚያው ዓመት ተሰቀለ። ሲያዝ ትልቁን ሰውዬ ለምን አትጠይቁም ብሏል ተብሎ ሲወራ ኖሯል፤ ትልቁ ሰውዬ ማን እንደሆነ ግን ፍርድ ቤት አላወጣውም።

በሕይወቱ የሠራተኛውና የከተሜው ሰው የነበረው ምቦያ በሞተ ማግስት የሉዎ ልጅ ብቻ ሆነ። ጸሎተ ፍትሐቱ ላይ ሐዘንተኛው የኬንያታን መኪና በድንጋይ ደበደበ። ኪኩዩዎች በገፍ ወደ ኬንያታ መኖሪያ ወደ ጋቱንዱ እየተጓዙ ሥልጣን ከቤታቸው እንዳይወጣ መሐላ ፈጸሙ። በጥቅምት ኬንያታ ኪሱሙ ላይ ሆስፒታል ሲመርቁ ከኦዲንጋ ጋር በአደባባይ ተዘላለፉ፤ ጠባቂዎቻቸው ሕዝቡ ላይ ተኮሱ። ኦዲንጋ ይመሩት የነበረው ተቃዋሚ ፓርቲ ታገደ፣ እሳቸውም ታሰሩ፤ ኬንያም እስከ 1992 ድረስ የመድብለ ፓርቲ ምርጫ አላየችም።