ሁለት ዐይን፣ አንድ ቅጽበት
ከጎጃም ካርታ እስከ ጥልቀት ለኪ ካሜራዎች

ከቁይ ሆኖ ወደ ጮቄ ተራራ የሚመለከት ቀያሽ አንድ ትልቅ ዕድል አለው፤ የሚለካው ነገር ቆሞ ይጠብቀዋል። የኢትዮጵያ መንግሥትና የአሜሪካው ቢሮ ኦፍ ሪክላሜሽን ያካሄዱት፣ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ1964 የታተመው የዓባይ ተፋሰስ ጥናት የጎጃምን ደጋ ያካተተ ሲሆን፣ ከአየር የተነሡ ፎቶግራፎች ከመሣሪያዎቹ መካከል ነበሩ። የእነዚህ ፎቶግራፎች አሠራር በመሠረቱ ቀላል ነው። ካሜራ የያዘ አውሮፕላን እየበረረ በተከታታይ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ አንዱ ምስል ከሚቀጥለው ጋር 60 በመቶ ያህል ይደራረባል። አንዱ ኮረብታ ከሁለት ስፍራ ስለሚታይ፣ በሁለቱ ምስሎች ላይ ካለው የአቀማመጥ ልዩነት ከፍታው ይሰላል። በመካከሉ ሴኮንዶች ማለፋቸው ጉዳት የለውም፤ ኮረብታው አይሄድምና።

የሚለካው ነገር የሚንቀሳቀስ ሲሆን ግን ጉዳዩ ይለወጣል። ሁለቱ ዐይኖች በተለያየ ጊዜ ከተገለጡ፣ እንቅስቃሴው ራሱ በምስሎቹ መካከል ልዩነት ይፈጥራል፤ ስሌቱም ይህን ልዩነት እንደ ርቀት ይቈጥረዋል። የጊዜ ስሕተት የጥልቀትን መልክ ይዞ ይመጣል ማለት ነው።

ይህ ችግር ኢትዮጵያ በተሳተፈችበት አንድ ታላቅ ሥራ ላይ በግልጽ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1966 ፓጂዮስ የተባለች፣ 30 ሜትር ያህል ስፋት ያላት ፊኛ መሰል ሳተላይት ወደ 4,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ተላከች። ቢሲ-4 የሚባሉ ካሜራዎች የተተከሉባቸው 45 ጣቢያዎች ሳተላይቷን ከከዋክብት ጋር በመስተዋት ሰሌዳ ላይ ያነሡ ነበር። አዲስ አበባ ከእነዚህ አንዷ ነበረች፤ በኢራን ማሽሃድ፣ በቻድ የዛሬዋ ንጃሜና፣ በሲሸልስ ማሄ ደሴትም ሌሎች ጣቢያዎች ነበሩ። ዓላማው በባሕርና በበረሃ የተለያዩ አገሮችን በአንድ የመለኪያ መረብ ማያያዝ ነበር።

ሳተላይቷ በሴኮንድ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ትጓዛለች። ስለዚህ በሁለት ጣቢያዎች መካከል የአንድ ሺሕኛ ሴኮንድ ልዩነት ቢፈጠር 6 ሜትር ያህል ስሕተት ያስከትላል። እ.ኤ.አ. በ1974 ይፋ የሆነው የመረቡ ውጤት ከ4 እስከ 5 ሜትር የሚደርስ ትክክለኛነት ነበረው። ይህም የሰዓት ጥራት ምን ያህል ወሳኝ እንደ ነበር ያሳያል። ስለሆነም የጣቢያ ሰዓቶች ከስፍራ ወደ ስፍራ በሚወሰድ ትክክለኛ ሰዓት ይነጻጸሩ ነበር። ከዚህም በላይ ብርሃን ራሱ ጊዜ ይወስዳል። ከሳተላይቷ 1,000 ኪሎ ሜትር አብልጦ የራቀ ጣቢያ ብርሃኑን ከ3 ሺሕኛ ሴኮንድ በላይ ዘግይቶ ይቀበላል፤ ሳተላይቷ እስከዚያ 20 ሜትር ተጉዛለች። ሁለቱ ካሜራዎች እኩል ቢከፈቱም እንኳ ያዩት ቅጽበት አንድ አይደለም፤ ልዩነቱ ተሰልቶ መታረም አለበት።

ማረጋገጫው ከሰዓቱ ውጭም ይፈለጋል። ከሁለት ጣቢያዎች የሚነሡ የእይታ መስመሮች በሰማይ ላይ መገናኘት አለባቸው፤ ካልተገናኙ ስሕተት አለ። ይሁን እንጂ የሚለካው ነገር ሁለቱ ጣቢያዎች ከእርሱ ጋር በሚሠሩት ጠለል ውስጥ ከተጓዘ፣ የጊዜ ስሕተት ቢኖርም መስመሮቹ ይገናኛሉ፤ የሚገናኙት ግን በሐሰተኛ ርቀት ላይ ነው። አደገኛው ስሕተት ይህ ነው፤ ሳይታይ ያልፋልና። ከጠለሉ ውጭ ያለ ሦስተኛ ጣቢያ ግን ያጋልጠዋል።

ዛሬ በፋብሪካና በቤተ ሙከራ የሚተከሉ ጥልቀት ለኪ ካሜራዎች ይህንኑ ችግር ወርሰዋል። ብዙውን ጊዜ አንዱ መሪ ሌሎቹ ተከታይ ሆነው በምልክት ሽቦ ይያያዛሉ። ሽቦው መዘርጋቱ ግን ትእዛዝ መላኩን እንጂ መፈጸሙን አያረጋግጥም። በመጀመሪያ፣ ካሜራዎቹ የሚመዘግቡት የሰዓት ልዩነት ለረጅም ጊዜ መታየት አለበት። ያልተያያዙ ሁለት ሰዓቶች ከሚሊዮን 20 እጅ ቢለያዩ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ 72 ሺሕኛ ሴኮንድ ይራራቃሉ፤ የተያያዙት ግን ልዩነታቸውን ጠብቀው ይኖራሉ። ሁለተኛ፣ ልዩነቱ አለመለወጡ ብቻ አይበቃም፤ እያንዳንዱ ካሜራ ቈጠራውን ከራሱ መነሻ ሊጀምር ይችላል። በመሆኑም በየሺሕኛ ሴኮንዱ ተራ በተራ የሚበሩ ትናንሽ መብራቶችን በሁሉም ፊት አቁሞ፣ የማንሻውን ጊዜ አሳጥሮ፣ የትኛው መብራት በየምስሉ እንደ በራ ማወዳደር ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ አንድ ምስል ከጠፋ በተራ ቍጥር የሚደረገው ማጣመር ሁሉ ይዛባል። በሴኮንድ 30 ምስል በሚያነሣ ካሜራ የአንድ ምስል መዘግየት ማለት፣ በሴኮንድ 1.5 ሜትር የሚራመድ ሰው 5 ሴንቲ ሜትር ርቆ መገኘት ነው።

ብርሃን እየፈነጠቁ የሚለኩ ካሜራዎች እርስ በርሳቸው እንዳይረባበሹ ሆን ተብሎ በማይክሮ ሴኮንዶች እንዲቀዳደሙ የሚደረግበትም ጊዜ አለ። ስለዚህ ከመሐንዲሱ የሚጠበቀው ልዩነቱን ዜሮ ማድረግ ብቻ አይደለም፤ ልዩነቱን በነጻ ምስክር ለክቶ ማወቅና ከመረጃው ጋር መዝግቦ ማስቀመጥ ነው። ጮቄ የቀያሹን መዘግየት ይታገሣል፤ በማሽን አጠገብ የሚያልፍ የሠራተኛ እጅ ግን አይጠብቅም።