የሦስት ፋይሎች ጣጣ

የኮምፒዩተር ሲስተም አስተዳዳሪ ነኝ። ለሰርቨሮቼ የምመርጠው ፍሪቢኤስዲ የተባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። ባልደረቦቼ «ሰው ሁሉ ሊኑክስ ሲል አንተን ምን ነካህ?» ይሉኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ከቴክኒክ አልፎ ታሪክ ውስጥ ያስገባናል።

ዩኒክስ እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካው የስልክ ኩባንያ በኤቲ ኤንድ ቲ ቤተ ሙከራ ተወለደ። የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ለዓመታት ሲያሻሽሉት ቆይተው፣ በ1991 የራሳችን ነው ያሉትን ኮድ ለሕዝብ ለቀቁ። በዚያው ዓመት የ21 ዓመቱ የሄልሲንኪ ተማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ የሊኑክስን ጅምር ይፋ አደረገ።

በ1992 የኤቲ ኤንድ ቲ ቅርንጫፍ ኩባንያ በበርክሌይ ኮድ ላይ ክስ መሠረተ። ክርክሩ እስከ 1994 ሲጓተት ብዙዎች «ነገ ቢታገድብንስ?» እያሉ ከኮዱ ራቁ። ነገሩ በስምምነት ሲያልቅ ከ18,000 ያህል ፋይሎች እንዲወጡ የተደረጉት 3 ብቻ ነበሩ! ሊኑክስ ግን በዚያ መሀል ተከታዮቹን አፍርቷል። ቶርቫልድስ ራሱ፣ የበርክሌይ ልጅ የሆነው 386ቢኤስዲ ቀድሞ ቢደርስለት ኖሮ ሊኑክስን ባልጀመረው እንደነበር ተናግሯል።

ፍሪቢኤስዲ ከዚሁ ዘር በ1993 ወጣ። የምወደው ዋናው አካሉና መሣሪያዎቹ በአንድ ቡድን፣ በአንድ ላይ ስለሚሠሩ ነው። ዋጋም አስከፍሎኛል፤ አዳዲስ ዕቃዎችን ለመቀበል ይዘገያል፣ ነገ ሥራዬን ብለቅ የሚተካኝ ባለሙያም እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ሌላው ይከተለኝ አልልም። ብዙኃኑ የያዘው ሁሉ በብልጫው ብቻ እንዳልተያዘ ግን ማወቁ አይከፋም።