ባያድነንስ? ፍርሃትና መታመን በሐምሌ 1971 ዓ.ም.

በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቀን የቁልቢ መንገድ በምእመናን ይጥለቀለቃል። በዕለቱ የሚታሰበው ሠለስቱ ደቂቅ ከእቶን እሳት የዳኑበት ተአምር ነው፤ ደስታውም ተገቢ ነው። ሆኖም በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 3 ወጣቶቹ ለናቡከደነፆር የሰጡት መልስ ሁለት ክፍል አለው። መጀመሪያ አምላካቸው ሊያድናቸው እንደሚችል ይመሰክራሉ፤ ቀጥሎ ደግሞ ባያድናቸው እንኳ ንጉሡ ላቆመው ምስል እንደማይሰግዱ ያስታውቃሉ። ስለ መጀመሪያው ብዙ ተሰብኳል። የዚህ መጣጥፍ ክርክር ግን የክርስቲያን መታመን ሙሉ ቁመናው የሚታየው በሁለተኛው ነው የሚል ነው።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ደርግ የሁለት አብያተ ክርስቲያናት መሪዎችን ገደለ። አንደኛው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሁለተኛ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ናቸው። መንግሥትን ሳያስፈቅዱ ጳጳሳት ሾመዋል ተብለው በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ፤ ከሦስት ዓመት በላይ ከቆዩበት እስር በሕይወት አልወጡም። ከተሾሙት ጳጳሳት አንዱ፣ በኋላ አምስተኛው ፓትርያርክ የሆኑት አቡነ ጳውሎስም ዓመታት በእስር አሳልፈዋል።

ሁለተኛው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ናቸው። በ1971 ዓ.ም. ሁለት ጊዜ ታስረው ተፈትተዋል። የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ከአገር የሚወጡበትን መንገድ ሲያመቻቹላቸው መንጋቸውን ጥለው መሄድ እንደማይችሉ ተናግረው ቀሩ። ሐምሌ 21 ቀን አዲስ አበባ በሚገኘው የኡራኤል ማኅበረ ምእመናን አገልግለው ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር ሲወጡ ታጣቂዎች ያዟቸው። ወይዘሮ ፀሐይን ያን ማታ ለቀቋቸው፤ ቄስ ጉዲና ግን አልተመለሱም። ከወራት በኋላ ወይዘሮ ፀሐይ ራሳቸው ታስረው ከባድ ግርፋት ደረሰባቸው፤ ወደ ዐሥር ዓመት የሚጠጋ ጊዜም ወህኒ ቆዩ።

እንዲህ ያለ መከራ ያስፈራል፤ ዛሬ ግን በየመድረኩ «እምነት ያለው አይፈራም» ሲባል እንሰማለን። ይህ አባባል በመጽሐፍ ቅዱስ ሚዛን አይቆምም። ጌታችን በጌቴሴማኒ ነፍሱ እስከ ሞት እንዳዘነች ለደቀ መዛሙርቱ አልሸሸገም፤ ጽዋው እንዲያልፍለት ሦስት ጊዜ ለመነ፤ አብረውት እንዲተጉም ጠየቃቸው፣ እነሱ ግን ተኙ። ፍርሃት በራሱ የእምነት ጉድለት ቢሆን ኖሮ ወንጌላውያኑ ይህን ሌሊት ባልጻፉልን ነበር። መዝሙረ ዳዊትም ከዚህ አይለይም። ከ150ዎቹ መዝሙራት ከሲሶ የማያንሱት አቤቱታና ልቅሶ ናቸው፤ መዝሙር 87 (በሌላው አቆጣጠር 88) እንዲያውም አንዳች የመጽናኛ ቃል ሳይጨምር በጨለማ ያልቃል። ዳዊት የሚደግም ምእመን ይህን መዝሙር አይዘለውም። ቤተ ክርስቲያን የተጨነቀ ሰው በእግዚአብሔር ፊት «ለምን?» ብሎ እንዲጮኽ ፈቅዳለታለች፤ ያንን ጩኸት ኃጢአት ማድረግ በሐዘንተኛው ላይ ሌላ ሸክም መጫን ነው። ልጁ የሞተበትን አባት፣ ከቀዬዋ የተፈናቀለችን እናት እምነታችሁ ስላነሰ ነው ማለት ስብከት ሳይሆን ጭካኔ ነው።

ታዲያ ፍርሃት ካልተወገደ መታመን ምኑ ላይ ይታያል? መልሱ በቄስ ጉዲና ውሳኔ ውስጥ አለ ብዬ አምናለሁ። መካነ ኢየሱስ በ1964 ዓ.ም. ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በላከችው ደብዳቤ ወንጌልን መስበክና ሰውን በኑሮው መርዳት እንደማይነጣጠሉ ተከራክራለች፤ የሰውን ነፍስ ከሥጋው ለይቶ ማገልገል አይቻልም ብላለች። እንዲህ ያለ ትምህርት የምታስተምርን ቤተ ክርስቲያን የመራ ሰው መታመንን ወደ ውስጣዊ መረጋጋት ብቻ ሊያጠበው አይችልም። ለእሳቸው በእግዚአብሔር መታመን ከሕዝቡ ጋር መቆየት ነበር። መቆየታቸው ሞት ሊያስከትል እንደሚችል ከሁለት እስር በኋላ የሚያውቁት ነገር ነው። ከአገር የወጡ ሌሎች አገልጋዮችን በዚህ መስፈርት መውቀስ አይገባም፤ ሐዋርያው ጳውሎስም በደማስቆ ቅጥር በቅርጫት ወርዶ አምልጧል። ጥያቄው መሸሽ ወይም አለመሸሽ አይደለም፤ ሰው ሕይወቱን ለማትረፍ ሲል የተሰጠውን አደራ ይክዳል ወይ ነው።

የሁለቱም አስከሬን የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው። የአቡነ ቴዎፍሎስ አፅም አዲስ አበባ ጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ዐርፏል። ከእሳት ያልወጡት ፓትርያርክ፣ ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ባወጣው መልአክ ስም በተሠራ ቤተ ክርስቲያን ተቀበሩ። ይህን እንደ ተቃርኖ አላየውም። የዳኑትም ያልዳኑትም የመለሱት ለአንድ ጥያቄ ነው፤ ለምስሉ አልሰገዱም።

የነገረ መለኮት ትምህርት ቤቶቻችን ግን ሁለቱን አባቶች እስካሁን በየፊናቸው ነው የሚያስታውሱት። በአንድ ወር፣ በአንድ መንግሥት እጅ የተገደሉ ናቸውና ኦርቶዶክሱም ወንጌላዊውም ተማሪ ታሪካቸውን ጎን ለጎን ይማር። ያን ዘመን በእስር ያሳለፉ አረጋውያን በሕይወት ሳሉም ምስክርነታቸው ይሰብሰብ።